እንኳን ወደ ውኃው በደኅና መጣችሁ
(ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለአዲስ ገቢዎች የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ የደስታ ቀን፣ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ለታናናሾቻችን ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለ ተፈቀደልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። በእንዲህ ያለው ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጊዜ ክቡርነት ወይም ስለ መልካም ጠባይ መናገር የተለመደ ነው። የእኛ ርእስ ግን በደጋን እምብዛም የሚሰማ አይደለም። የምንናገረው ስኩባ ስለሚባለው ጥበብ ነው፤ ይኸውም ሰው አየር በሲሊንደር ተሸክሞ፣ እየተነፈሰ ከውኃ በታች የሚሄድበት ሙያ ነው። ዓላማችንም በዚህ ዓመት በዋና ክበባችን ስማችሁን ያስመዘገባችሁትን አዲስ ገቢዎች እንኳን ደኅና መጣችሁ ለማለት፣ ገና ከዳር ቆማችሁ የምታመነቱትንም ለማደፋፈር ነው።

ርእሱን ስንናገር ከመካከላችሁ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። አልተሳሳታችሁም። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም፤ በደጋንም የሚጠለቅበት ባሕር የለም። እውነቱን ከመጀመሪያው እንናገርና፣ እኛም ራሳችን እስከ ዛሬ ከአየር ሲሊንደር ተንፍሰን አናውቅም። ያለን ነገር ጥቂት የዋና ልምምድ፣ ከመጻሕፍት የቀሰምነው ትምህርትና ጽኑ ፍላጎት ነው። ስለዚህ የምንቀበላችሁ ከእናንተ ሁለት እርምጃ ቀድመን የተነሣን ጀማሪዎች ሆነን ነው። ጀማሪ የጀማሪን ልብ ያውቃልና ይህ የሚጎዳ አይመስለንም።

ታዲያ ደገኛ ሰው ስለ ጥልቅ ውኃ መማሩ ምን ይጠቅመዋል? ሦስት ምክንያቶችን እናቀርባለን።

አንደኛው በደጃችን የሚያልፈው መንገድ ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በደጋን በኩል ወደ ባቲ፣ ከባቲም ወደ ሚሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና ለብዙ ዘመን የአሰብ መንገድ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ጭነቱ ወደ ጂቡቲ ዞሯል። በዚህ መንገድ ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ ከባድ መኪናዎች ሲወጡና ሲወርዱ እያየ ነው ያደገው። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል፤ እኛ ግን የመንገዱን አንዱን ጫፍ ስለምናውቅ ሌላው ጫፍ ይናፍቀናል። ያም ጫፍ ባሕር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በአካባቢያችን ያለው ውኃ ነው። ባሕር የለንም ብለን ውኃ የለንም ማለት አይቻልም። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። በዳርቻው ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ካስተማሩበት ጊዜ ጀምሮ ስሙ የታወቀ ነው። ሕዝባችን ከዚህ ውኃ ጋር ሰባት መቶ ዓመት ከዚያም በላይ ጎረቤት ሆኖ ኖሯል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ቦርከናና ሌሎቹ ወንዞች አሉ። በበጋ በድንጋይ ላይ እየዘለልን የምንሻገረው ወንዝ በክረምት በአንድ ሰዓት ውስጥ ግንድ ይዞ ይመጣል። ከብት የሚያግድ ልጅ፣ ውኃ የምትቀዳ ልጃገረድ፣ ከገበያ የሚመለስ አባት ሁሉም በውኃ ዳር ይውላሉ፤ መዋኘት የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021 በመላው ዓለም 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው እንደ ሞቱ ገምቷል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጆች መስጠም ከሞት ምክንያቶች ሦስተኛው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በዚያው ዓመት ጁላይ 25ን፣ ማለትም ሐምሌ 18ን፣ የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን አድርጎ ሰይሟል። ይህ ቀን በእኛ አገር ክረምቱ የሚበረታበት፣ ወንዙ ሁሉ የሚሞላበት ጊዜ መሆኑን ልብ በሉ።

ሦስተኛው ምክንያት በታሪካችን የተጻፈ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራልያ ውሰዱን አሉ፤ ነዳጁ አይበቃም ቢባሉም አላመኑም። ነዳጁ አለቀ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ካፒቴን ልዑል አባተ አውሮፕላኑን በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ በባሕር ላይ አሳረፈው። ከተሳፈሩት 175 ሰዎች 50ዎቹ ሲተርፉ 125ቱ ሞቱ። ከሞቱት አንዱ ሞሐመድ አሚን ነበር። እርሱም በ1977 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም የረኃቡን ሥዕል አንሥቶ ለዓለም ያሳየ ሰው ነው። ወላጆቻችን ይህን ስም ያስታውሱታል።

ከዚህ አደጋ ሁለት ነገሮች እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ብዙዎቹ ተሳፋሪዎች የሞቱት የመንሳፈፊያ ሰደርያቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ በመንፋታቸው ነው። ውኃው ወደ ውስጥ ሲገባ የተነፋው ሰደርያ ወደ ጣራው አንሥቶ አጣበቃቸው፤ ጠልቀው ወደ በሩ መውጣት አልቻሉም። የሚያድናቸው ዕቃ በእጃቸው ነበረ፤ የጎደለው የውኃን ጠባይ ማወቅ ነው። ሁለተኛው፣ ለእርዳታ ፈጥነው ከደረሱት መካከል የደሴቲቱ ነዋሪዎችና ለእረፍት የመጡ እንግዶች ይገኙ ነበር። ከእነርሱም ውስጥ የስኩባ ጠላቂዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ወደዚያ ባሕር የሄዱት ዓሣና ዛጎል አይተው ለመደሰት ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ያ የጨዋታ ትምህርት የሰው ነፍስ ማዳኛ ሆነ። ከዚያም ወዲህ ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌላው የአየር መንገዳችን አውሮፕላን ከቤይሩት እንደ ተነሣ በሜዲትራንያን ባሕር በወደቀና 90 ነፍስ በጠፋ ጊዜ፣ የበረራ መዝጋቢውን ሣጥን ከባሕር ወለል ያወጡት ጠላቂዎች ናቸው።

በአገራችንም ሙያው የለም ማለት አይደለም። የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች አሉት። ሰው በወንዝ ወይም ዝናብ ባጠራቀመው ጉድጓድ ሲሰጥም ገብተው የሚፈልጉት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። የሰጠመ ሰው የሚጠብቀው ደቂቃ ነው፤ መኪና ግን ያን ያህል መንገድ በደቂቃ አይሄድም። በየአገሩ በቅርብ የሚደርስ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል ማለታችን በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ጥበቡ ከወዴት እንደ መጣ ጥቂት እንናገር። ሰው ትንፋሹን ይዞ መጥለቅ የጀመረው ከጥንት ነው። በቀይ ባሕር በዳህላክ ደሴቶች ዕንቍ ፈላጊዎች በትንፋሻቸው ብቻ ወደ ጥልቁ ይወርዱ ነበር። በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1943 ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን ጠላቂው በሚፈልገው መጠንና ባለበት ጥልቀት ግፊት ልክ አየር የሚሰጥ መሣሪያ ሠሩ። ሬጉሌተር የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ጠላቂ ከመርከብ በሚወርድ ቱቦ መታሰሩ ቀረና እንደ ዓሣ ወደ ወደደው መሄድ ቻለ። በ1952 እና በ1953 ኢጣልያኖች በዳህላክ ደሴቶች የውኃ ውስጥ ጉዞ አድርገው ፊልም አነሡ። በ1963 ኩስቶ በሱዳን ጠረፍ በቀይ ባሕር ውስጥ ቤት አቁሞ አምስት ሰዎች 30 ቀን በ10 ሜትር ጥልቀት እንዲኖሩ አደረገ። እነዚህ የኋለኞቹ ሁለቱ የሆኑት ከዚሁ ከእኛ መንገድ ጫፍ ካለው ባሕር ነው።

ከዚህም የበለጠ ልብ የሚነካ ነገር አለ። ከአዱሊስ ወደብ ብዙ ሳይርቅ፣ ጥቁር አሳርካ በምትባል ደሴት አጠገብ፣ ከአክሱም ነገሥታት ዘመን የቀረ የመርከብ ስባሪ ይገኛል። ስባሪው በ1995 ታወቀ፤ በ1997 ደግሞ የባሕር ውስጥ ታሪክ ተመራማሪዎች ጠልቀው መረመሩት። መርከቡ የጫናቸው ረጃጅም የሸክላ እንስራዎች ከሺህ ዓመት በላይ በአሸዋ ላይ ተኝተው ነበር። የአክሱምን ሐውልት ለማየት ዓይን ይበቃል፤ የአክሱምን የባሕር ንግድ ለማየት ግን መጥለቅን ማወቅ ያስፈልጋል። ከመካከላችሁ ታሪክ የምትወዱ ይህን አስቡበት።

አሁን ስለ ፍርሃት እንነጋገር። አዲስ ገቢን ፍርሃት የለብህም ማለት ውሸት ነው። ውኃ የሚፈራ ሰው ሞኝ አይደለም፤ አባቶቻችን «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት አይተው ነው። ነገር ግን ፍርሃት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሚፈራውን ነገር የማያውቅ ሰው ፍርሃት ነው፤ ይህ እግር ያስራል። ሌላው የሚያውቅ ሰው ፍርሃት ነው፤ ይህ ጥንቃቄ ይባላል። ትምህርት የሚያደርገው የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው መለወጥ ነው። ስለዚህ የጥልቁን አደጋ ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

በኬሚስትሪ ትምህርት የቦይልን ሕግ ተምረናል። ግፊት ሲጨምር የጋዝ መጠን ያንሳል፤ ግፊት ሲቀንስ መጠኑ ይሰፋል። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ አትሞስፌር ግፊት ይጨመራል። በ10 ሜትር ጥልቀት አየር የተሞላ ፊኛ ወደ ላይ ሲወጣ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። የጠላቂ ሳንባም እንዲሁ ነው። በጥልቁ ከሲሊንደር ሙሉ ትንፋሽ ስቦ፣ ትንፋሹን እንደ ያዘ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ የስኩባ የመጀመሪያው ሕግ «ሁልጊዜ ተንፍስ፤ ትንፋሽህን ከቶ አትያዝ» የሚል ነው። በዋና የተማርነው ትንፋሽ መያዝ እዚህ ላይ ይሻራል።

ሁለተኛው ሕግ «ቀስ ብለህ ውጣ» የሚል ነው። ምክንያቱን ለመረዳት የአምቦ ውኃ ጠርሙስ አስቡ። ክዳኑ ሳይከፈት ውኃው ጸጥ ያለ ነው፤ ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ግን አረፋው ይገነፍላል። የምንተነፍሰው አየር አምስት እጅ አራቱ ናይትሮጅን ነው። በጥልቁ ግፊት ይህ ናይትሮጅን በደማችንና በሥጋችን ውስጥ ይሟሟል። ጠላቂው ፈጥኖ ከወጣ እንደ አምቦ ውኃው በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሆናል፤ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ያሽመደምዳል፣ ሊገድልም ይችላል። ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጆን ስኮት ሃልዴን ነገሩን በፍየሎች ላይ መርምሮ በ1908 ከባልደረቦቹ ጋር ጠላቂ በምን ያህል ፍጥነት መውጣት እንደሚገባው የሚያሳይ ሠንጠረዥ አወጣ። ዛሬ ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር በደቂቃ ከ9 ሜትር በላይ እንዳይወጣና፣ ከላይ 5 ሜትር ሲቀረው ሦስት ደቂቃ ቆም እንዲል ነው። የጀማሪ ወሰን 18 ሜትር ነው፤ ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው ቢሠለጥንም ከ40 ሜትር አያልፍም።

እኛን ደገኞችን በተለየ የሚመለከት ነገርም አለ። የሐይቅ ሐይቅ ከባሕር ወለል ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ የሚጫነን በባሕር ዳር ከሚጫነው አምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከ10 ሜትር የሚወጣው ፊኛ በባሕር እጥፍ ቢሆን በሐይቅ ከእጥፍም ይበልጣል። ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ ባለ ውኃ የሚጠልቅ ሰው ለባሕር የተሠራውን ሠንጠረዥ እንዳለ መጠቀም የለበትም፤ ለከፍታ የሚሆን የተለየ ትምህርት ያስፈልገዋል።

እንደዚሁም አንድ የወሎ ልጅ ጂቡቲ ወርዶ ቢጠልቅ፣ ወጥቶ ልብሱን እንደ ለበሰ መኪና ተሳፍሮ ወደ ደሴ መገስገስ የለበትም። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ወደ እርስዋ መውጣት ከጠለቁ በኋላ በአውሮፕላን እንደ መብረር ይቈጠራል። አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት በቈላው መቆየት አለበት። ይህን ማወቅ ከማንም ይልቅ ለእኛ ያስፈልገናል፤ መንገዳችን ከባሕር ወደ ተራራ ነውና።

እንግዲህ አዲስ ገቢዎች ከየት እንጀምር ትላላችሁ። መልካሙ ወሬ ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሲሊንደር አይፈልግም። በታወቁት ማሠልጠኛዎች ጀማሪ ከመመረቁ በፊት ሁለት ነገር ማሳየት አለበት። 200 ሜትር ሳያቋርጥ መዋኘት፣ ከዚያም 10 ደቂቃ ምንም ሳይዝ በውኃ ላይ ተንሳፎ መቆየት። ፍጥነት አይጠየቅም። 200 ሜትር ማለት የእግር ኳስ ሜዳን በቁመቱ ሁለት ጊዜ መሄድ ነው። ይህን እዚሁ በአገራችን፣ በሐይቅ ዳር፣ ውኃው ከደረት በማያልፍበት ስፍራ መማር ይቻላል። ደግሞም ጨው የሌለው ውኃ ከባሕር ውኃ ያነሰ ስለሚያንሳፍፍ፣ በሐይቅ ተንሳፎ የተማረ ሰው በባሕር ይቀለዋል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው እንዳይሆንብን የክበባችንን ሥርዓት ጠብቁ። ብቻውን የሚገባ የለም፤ እያንዳንዱ ጓድ ይኖረዋል። መዋኘት የሚያውቅ ትልቅ ሰው በዳር ሳይቆም ማንም አይገባም። በክረምት ወደ ወንዝ ጨርሶ አይገባም። ቀንድ አውጣ በሚበዛበት በተኛ ውኃ ቢልሃርዚያ ስላለ፣ ስለ ስፍራው አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ይጠየቃል።

ለእኅቶቻችን በተለይ የምንለው አለን። ይህ የወንድ ሥራ ነው የሚላችሁ ካለ በኮርያ የጄጁ ደሴት ሴቶችን ጥቀሱለት። ሄኒዮ የሚባሉት እነዚህ ሴቶች ያለ አየር ሲሊንደር ጠልቀው የባሕር ምግብ እየለቀሙ ቤተ ሰብ ያስተዳድራሉ፤ ከመካከላቸው ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ያለፈ ይገኛሉ። ዩኔስኮም በ2016 ባህላቸውን በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የጠላቂ ልብስ ከአንገት እስከ ቍርጭምጭሚት የሚሸፍን በመሆኑ ስለ ጨዋነት የሚያስቡ ወላጆች ሥጋት አይግባቸው። በክበባችንም የሴቶች ልምምድ በተለየ ሰዓትና በሴት አሠልጣኝ እንዲሆን ጠይቀናል።

ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር አሁን እንናገራለን። ባለፈው ክረምት ከታችኛው ክፍል የነበረ አንድ ወንድማችንን ወንዝ ወሰደው። ከጓደኞቹ ጋር ከወንዙ ዳር ቆሞ ሳለ «ወንድ ከሆንህ ግባ» ተባለ፤ ገባም። ማን እንዳለው መጠየቅ አሁን አይጠቅምም፤ ያ ቃል በአገራችን ወንዝ ዳር ሁሉ የሚባል ነው። ብዙ ጊዜ ልጅ ከውኃው ይልቅ የጓደኞቹን ሣቅ ይፈራል። ከዳር የቆሙትም መዋኘት አያውቁም ነበርና ከመጮኽ በቀር ምንም ማድረግ አልቻሉም።

በስኩባ ጠላቂዎች ዘንድ ግን የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሕግ አለ። ማንኛውም ጠላቂ፣ በማንኛውም ጊዜ፣ በማንኛውም ምክንያት «ይብቃኝ፤ እመለሳለሁ» ማለት ይችላል። ማንም ለምን ብሎ አይነቅፈውም፤ ጓዱም አብሮት ይወጣል። ከውኃ በታች መናገር ስለማይቻል ይህ በእጅ ምልክት ይነገራል። አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሣት በእኛ ዘንድ «መልካም ነው» ማለት ሲሆን በጠላቂዎች ዘንድ «እንውጣ» ማለት ነው። ይህን ምልክት ያየ ሰው አይከራከርም። ብዙ ሺህ ጊዜ የጠለቀ ሰው እንኳ ዛሬ የጀመረው ሰው አውራ ጣቱን ቢያነሣ አብሮ ይወጣል።

ከመካከላችን በሚስዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠርን የጴጥሮስን ታሪክ እናስታውሳለን። በውኃ ላይ ሲሄድ ነፋሱን አይቶ ፈራ፤ መስጠም ሲጀምርም አድነኝ ብሎ ጮኸ። መጮኹን አላፈረበትም፤ ወዲያውም እጅ ተዘረጋለት። ነቢዩ ዮናስም በክርስቲያኑ ዘንድ ዮናስ፣ በእስላሙ ዘንድ ዩኑስ ተብሎ የሚታወቀው ከጥልቁ ውስጥ የጮኸ ሰው ሆኖ ነው። ሁለቱም የእርዳታ ጩኸት ነውር አለመሆኑን ያስተምሩናል።

ስለዚህ በዚህ በዓል ቀን ለአዲስ ገቢዎች ሁሉ በወላጆቻችሁ ፊት የምንገባው ቃል ይህ ነው። ማንንም ገፍተን ወደ ውኃ አናስገባም። በፈራ አንሥቅም። የተመለሰውን ፈሪ አንለውም። ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስቱንም ጊዜ እግሩን ብቻ ነክሮ የሄደ ሰው በአራተኛው ቢመጣ እንደ መጀመሪያው ቀን እንቀበለዋለን። እናንተም በተራችሁ ከእናንተ በኋላ ለሚመጡት እንዲሁ አድርጉ። በየወንዙ ዳር «ወንድ ከሆንህ ግባ» የሚለው ቃል ቀርቶ «ካልፈለግህ አትግባ፤ ከገባህም አብሬህ ነኝ» የሚል ቃል ቢለመድ፣ አንድም ሲሊንደር ወደ ደጋን ሳይመጣ የብዙ ልጆች ነፍስ ይተርፋል።

ለማትዋኙትም ዛሬውኑ ይዛችሁት የምትሄዱት አንድ ትምህርት አለን። ሰው ሲሰጥም ብታዩ ዘላችሁ አትግቡ፤ የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ይጨብጣልና ሁለታችሁም ትጠፋላችሁ። አስቀድማችሁ ጩኹ። ከዳር በሆዳችሁ ተኝታችሁ ረጅም ዱላ ዘርጉለት። ዱላ ከሌለ ገመድ፣ ገመድ ከሌለ ጋቢ ወርውሩለት። ከሁሉም የሚሻለው በየቤታችን ያለው ቢጫው ጀሪካን ነው። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን አንድ ሰው አንሳፎ ይይዛል። ገመድ አስራችሁ ብትወረውሩት ሰውየውን ጎትቶ ማውጣት ይቻላል።

መምህራኖቻችንንና የከተማችንን ሽማግሌዎች የምንለምነው ነገር ትንሽ ነው። ልጆች በሚበዙበት በእያንዳንዱ የወንዝ መሻገሪያ ገመድ የታሰረበት ባዶ ጀሪካን በምሰሶ ላይ ይሰቀልልን፤ በዓመት ጥቂት ቀን መዋኘት በሚያውቅ አዋቂ ጥበቃ ወደ ሐይቅ የምንሄድበት መኪና ይፈቀድልን። የቀረውን በሥራችን እናሳያለን።

እኛ በዚህ ዓመት እንሰናበታለን። አንዳንዶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዶቻችን ወደ ሥራ እንሄዳለን፤ ከመካከላችን ዕድል ያገኘ አንድ ቀን በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሲሊንደር ተሸክሞ ይጠልቅ ይሆናል። በዚያ በብርድ ወራት ሲያድግ ከ10 ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችለው፣ ነገር ግን ሰው የማይነካው ነጠብጣባሙ ታላቅ ዓሣ ይመጣል። ያን ያየ ሰው ለእናንተ እንዲጽፍላችሁ ከአሁኑ ተስማምተናል። እናንተ ግን እስከዚያ ድረስ በ200ው ሜትርና በ10ሩ ደቂቃ ትጉ።

አዲስ ገቢ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ እንኳን ወደ ውኃው በደኅና መጣችሁ። በደኅናም ያውጣችሁ። ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፣ ለሕዝባችን ሰላምና ጤና እንመኛለን።